የማዳቭ ሁለተኛ ሞት

«እስቲ ቡና አፍይልኝ ያሙና» አለ ጉንዳቻር ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ እየተቀመጠ። «ወተቱን በዛ አድርጊበት። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

ያሙና ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ባዶ ወለል ላይ ነው የተቀመጠችው። ጸጉሯን ዘይትም ማበጠሪያም አልነካውም፤ ሳሪዋም ከሦስት ቀን በፊት የለበሰችው ነው። ከኋላዋ ጥግ ላይ አንዲት የሸክላ ኩራዝ ወደ ደቡብ፣ የሞት አምላክ ያማ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዞራ ትበራለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አቻርያ» አለች። «በለቅሶ ቤት እንግዳ ምንም እንደማይቀምስ ለአገሩ የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉ?»

የቡና አምሮት ይዞት መስሏችሁ እንዳይሆን! ጉንዳቻር የገዳሙ አስተዳዳሪ ነው፤ ከገዳሙ ወጥ ቤት ውጭ ውሃ እንኳ የማይቀምስ ጠንቃቃ ሰው። ዛሬ ከያሙና እጅ አንድ ኩባያ ቡና ቢጠጣ ግን መንደሩ ሁሉ «ጉንዳቻር ራሱ ጠጥቶበታል፤ ያ ቤት የለቅሶ ቤት አይደለም» ይላል። የመጣው ቡና ሊጠጣ ሳይሆን ለቅሶዋን ሊቀማት ነው።

«የማን ለቅሶ?» አለ ሳቅ እያለ።

«የባሌ።»

«ባልሽ ማዳቭ ከሞተ እኮ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የመነኮሰ ቀን ሞቷል። ከዚያ ወዲህ በእሱ ገላ የኖሩት፣ ከትናንት ወዲያም ያረፉት ታላቁ መምህር ስዋሚ ኒርማላ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ለመነኩሴ አይለቀስም። እንደ ተራ ሰው መች አቃጠልናቸው? እንደተቀመጡ ጉድጓድ አውርደን፣ ጨው ሞልተን፣ ከላይ ቅዱሱን ቅጠል ቱልሲን ተክለን፣ እየዘመርን ነው የተመለስነው። ደስታ ነው!»

«ለእናንተ ነዋ።»

«ለአንቺም ነው እንጂ! ቀዩ ነጥብ ከግንባርሽ ሳይጠፋ፣ አምባርሽ ሳይሰበር ልትኖሪ ነው። የትኛዋ ሴት ናት ይህን የማትመኝ? ያለፈውን እንደ ሕልም ቁጠሪው።»

«ሕልም?» ያሙና ቀና አለች። «እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓለም ማያ ናት፣ ቅዠት ናት ከሚሉት ጋር ሲሟገቱ አይደል የኖሩት? ዓለም እውነት ናት፣ እያንዳንዷ ነፍስም ለየብቻዋ እውነት ናት ሲሉ? ታዲያ የእኔ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ብቻ እንዴት ሕልም ሆነ?»

አስተዳዳሪ ሲረታ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጉንዳቻር ተነሳና ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በሩን አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ቤቱ የገዳሙ ነው» አለ። «ልጅሽ ፕራላድም የገዳሙ ትምህርት ቤት መምህር ነው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም ያሙና። ግን አስቢው፤ አንቺ ባሌ ሞተ ብለሽ ካለቀስሽ፣ ስዋሚ መነኩሴ አልነበሩም እያልሽ ነው። እሳቸው መነኩሴ ካልነበሩ፣ እጃቸውን ጭነው ያመነኮሱት፣ ዛሬ ወንበራቸው ላይ ያለው ወጣቱ ስዋሚስ ምን ሊሆን ነው? አሥረኛው ቀን ሳይደርስ ይቺን ኩራዝ አጥፊያት።»

እሱ ሲወጣ ባጊራቲ ከጓዳ ወጣች። የማዳቭ ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ራሷ እንደ መዳፍ ተላጭቷል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏ ሲሞት አምባሯን ሰብረው፣ ነጥቧን ጠርገው፣ ጸጉሯን ላጭተው ነጭ አልብሰው ወደ አባቷ ቤት መለሷት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰርግ ቤት ጠርቷት አያውቅም።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለች ወገቧን ይዛ። «መበለትነት አማረሽ? ነይ ላሳይሽ፣ ይሄን ራሴን ዳብሺው! እኔ ያን ቀን አምስት ሴቶች ይዘውኝ ነው ምላጩ ያረፈብኝ። አንቺ 'አይነካሽም' ስትባይ 'ንኩኝ' ትያለሽ። እብድ!»

«እትዬ፣ መላጨቱን መች ፈለግኩ? ማልቀሱን እንጂ።»

«በጓዳሽ ግቢና አልቅሺ። ማን ከለከለሽ?»

«በጓዳማ ሃያ ስድስት ዓመት አለቀስኩ» አለች ያሙና። «አሁን በደጅ ነው የምፈልገው። ሰው መጥቶ 'በባልሽ ሞት አምላክ ያጥናሽ' እንዲለኝ ነው የምፈልገው። እርሜን ላውጣ እትዬ።»

ባጊራቲ አጉተመተመችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። በዚያ ቤት ያሙና ላይ የቆየ ቂም ነበራት፤ ወንድሟ በመነነ ጊዜ ሚስቱ አንዴ እንኳ እግሩ ላይ ወድቃ «አትሂድ» አላለችውም። ይህን አልረሳችም።

በአምስተኛው ቀን የመንደሩ ሴቶች መጡ፤ መምጣት ከተባለ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ደፉ ላይ ይቆማሉ፣ ወደ ውስጥ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ መግባቱንም መሄዱንም ያጣሉ። ለቅሶ ነው ብለው ቢገቡ ከገዳሙ ጋር መጣላት ነው። ለቅሶ አይደለም ብለው ቢስቁ ደግሞ፣ ያቺ ጸጉሯን የበተነች ሴት እዚያ ተቀምጣለች።

«ምን ይባላል እንግዲህ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«'እንኳን ደስ አለሽ' ነው የሚባለው። ጉንዳቻር እንደዚያ ነው ያለው።»

«አንቺ በያት፤ እኔ አፌ አይልም።»

«ታድላ እንጂ! እሳቸው እኮ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ናራሲምሃን፣ የአንበሳ ፊት ያለውን ጌታ፣ በዓይናቸው አይተው ነው 'አመንኩሱኝ' ያሉት። የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት መሆን ቀላል ነው?»

ያሙና ሰማቻት። ይህ ታሪክ ገዳሙ በር ላይ በድንጋይ ተቀርጿል፤ ልጆች በቃላቸው ይወጡታል፤ ፕራላድም ለተማሪዎቹ ያስተምረዋል። ዞራ የኩራዟን ክር ወጣ አደረገች።

ማታ ፕራላድ ከትምህርት ቤት ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኩራዟን አይቶ ፊቱን አዞረ።

«እማዬ፣ ዛሬ ጉንዳቻር ክፍል ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። ተማሪ ፊት።»

«አባትህ ነው የሞተው ልጄ።»

«የእኔ አባት አምስት ዓመቴ ላይ ሞቷል» አለ፣ ድምፁ ሳይጨምር ሳይቀንስ። «እንዳላለቅስ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። 'መነኩሴ ነው፣ አባዬ እያልክ አትጥራው፣ እንደ ሰው ሁሉ ስገድለትና እለፍ' አልሽኝ። ሰገድኩ፣ አለፍኩ። በየዓመቱ ሰልፍ ይዤ ጠበል ከእጁ ተቀበልኩ፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። አሁን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

ይህን ብሎ ምንጣፉን ዘርግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ልጅም ተጎድቷል፣ ምን ይደረግ!

ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉንዳቻር መልእክት ላከ፤ ነገ ጠዋት ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ፣ መልስሽን አዘጋጂ የሚል። ባጊራቲ ከያሙና ፊት ለፊት ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለች።

«እውነቱን።»

«የምን እውነት?»

«አላለም፣ እትዬ።»

«ማን ነው ያላለው?»

«ማዳቭ። 'ሁሉን ትቻለሁ' አላለም።»

ባጊራቲ እጇ ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ያ የድንጋይ ጽሑፍ ስለ ማዳቭ ምንም አይናገርም፤ እኔ ልንገራችሁ። ማዳቭ የቴሌግራፍ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቅዱስ? ኧረ ወዲያ! እንቅልፍ የሚወድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈራ፣ በደንጃን በኦቾሎኒ ተሠርቶ ሲቀርብለት ማንጎራጎር የሚቃጣው፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ አካሄድ እያስመሰለ ልጁን በሳቅ የሚገድል ሰው ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ታይፎይድ ያዘው። በሃያ አንደኛው ቀን ሐኪሙ ቦርሳውን ዘግቶ «ዘመድ ይጠራ» ብሎ ወጣ።

እንዲህ ላለው ሰው አንድ ነገር ይቀርለታል፤ አልጋው ላይ እንዳለ መመንኮስ። በገዛ አፉ ሦስት ጊዜ «ሁሉን ትቻለሁ» ካለ፣ መነኩሴ ሆኖ ይሞታል፤ ነፍሱም ለሞክሻ፣ ከመወለድና ከመሞት አዙሪት ለመውጣት፣ ትቀርባለች። ከዳነ ግን ወደ ቤት መመለስ የለም። ቃል ቃል ነው፤ እንደመነነ ይኖራል። ሽማግሌዎች ይህን የሚመክሩት ለነፍሱ ብለው ነው። ያሙና ግን ስለ ነፍሱ አላሰበችም። ከእናቷ የሰማችው ነገር ነበር፤ ያማ የሚመጣው ስም ይዞ ነው፤ ማዳቭ የሚባል ባለትዳር ሊወስድ መጥቶ አልጋው ላይ ስም የሌለው መነኩሴ ካገኘ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ስለዚህ የዚያን ጊዜውን ትልቁን ስዋሚ አስጠራሁ» አለች ያሙና። «አንቺ ፕራላድን ይዘሽ ወንዝ ወርደሽ ነበር። ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆሙ። ማዳቭ ራሱን አያውቅም፤ ይቃዣል፣ የቴሌግራፍ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። 'ይበል' አሉ። ጆሮዬን አፉ ላይ ደቀንኩ። 'አለ?' አሉኝ። 'ብሏል' አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ 'ብሏል' አልኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ ላይ ያሰረውን ክር በጠሱት፣ ብርቱካንማውን ጨርቅ አለበሱት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው።»

«እሱስ? እሱ አያውቅም?»

«ንጋት ላይ ነቃ። ጨርቁን አየ። 'ያሙና፣ ብያለሁ እንዴ?' አለኝ። 'አላልክም' ካልኩት ያማ ከደጅ ተመልሶ የሚገባ መሰለኝ። 'ብለሃል' አልኩት። እጄን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ነክቶኝ አያውቅም። አትሂድ ያላልኩት ለዚህ ነው እትዬ። በየት አፌ ልበለው?»

ባጊራቲ ተነሳች። ያሙናን በመዳፏ ትከሻዋ ላይ መታቻት፣ ደገመቻት። በሦስተኛው እጇ ደከመና እዚያው ትከሻዋ ላይ ቀረ፤ አሮጊቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«ያን ሁሉ ክረምት ጎህ ሳይቀድ ሊታጠብ ወንዝ የወረደው... ውሃ የሚፈራው ወንድሜ... በአንቺ ቃል ነው?»

«በእኔ ቃል ነው።»

«ታዲያ ባልሽ ሆኖ ነው የሞተው።»

«ባሌ ሆኖ ነው የሞተው። ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ቤቱን ይውሰዱት፤ እኔ እርሜን ላውጣ።»

ባጊራቲ በሳሪዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ንገሪያቸው። ከዚያስ? ከጨው አውጥተው ያቃጥሉት? ያ ወጣቱ ስዋሚ ልብሱን ያውልቅ? ከእጁ ጠበል የጠጣው ሕዝብ አፉን ይጠብ? ወንድሜ የማይፈልገውን ሕይወት ሰጥተሽው፣ እንደምንም ብሎ ሰው ሆኖበት ነው የሞተው። አንዴ ሳትጠይቂው ሕይወቱን ወሰድሽበት። ሁለተኛውንም ሳትጠይቂው ልትወስጂበት ነው?»

«እኔስ እትዬ? እኔስ?»

«አንቺማ...» ባጊራቲ ሩዟን ማየት ጀመረች። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ያሙና እንቅልፍ ሳይወስዳት ነጋ። ከሁሉ በላይ ትዝ ያላት ያለፈው ክረምት ጉባኤ ነው። ስዋሚ ኒርማላ አራቱን የዝናብ ወራት እዚሁ ገዳም ተቀምጠው ሲያስተምሩ እሷ እንደ ሁልጊዜው ከሴቶቹ ምሰሶ ኋላ ነበረች። አንድ ገበሬ ተነስቶ «ሰው ባላወቀው፣ ባልፈለገው መንገድ ቢገባስ፣ ካርማው፣ የሥራው ዋጋ፣ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስዋሚ ሳቅ አሉ። ያ ሳቅ የማዳቭ ሳቅ ነበር፤ አላረጀም። «ካርማ ቴሌግራም ነው» አሉ። «የተሳሳተ ቤት ሊደርስህ ይችላል። ከፍተህ ካነበብከው በኋላ ግን ያንተ ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ያሙና ግን ምሰሶውን ይዛ ቀረች። አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ያን ቀንም አላወቀችም፣ ዛሬም አላወቀችም። አሁን ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጉንዳቻርና አምስቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ፕራላድ መሬት መሬት እያየ በሩ አጠገብ ቆሟል። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ያሙና ወጥታ ፊታቸው ቆመች፤ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኗል።

«ያሙና» አለ ጉንዳቻር፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ለማን ነው የምታለቅሺው?»

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ «አላለም» ማለት ብቻ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ዙሪያዋን ይቀመጣሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ እሷም ትጮሃለች። እንዴት እንደምትጮህ ሁሉ ታውቃለች። ልጇን አየች። ከደጁ ሰው መሃል ጠበል የጠጡትን፣ ምክር የሰሙትን፣ ልጃቸውን በስሙ የጠሩትን አየች።

«ለማንም» አለች።

«ጮክ በይ፤ ሽማግሌዎቹ አልሰሙም።»

«ለማንም አላለቅስም። ብቻዬን ስውል አእምሮዬ ተነካ መሰለኝ። ይቅር በሉኝ።» ገብታ ኩራዟን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አጠፋቻት። ጣቷ ተቃጠለ፤ እሰየው አለች በሆዷ።

ደጁ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ጉንዳቻር እንዳለውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ቅድስት ሴት!» አለ። ፕራላድ ቀስ ብሎ መጥቶ እግሯን ነካ። «እግዜር ይስጥሽ እማዬ» አላት። ከሁሉ ያመማት ይኸው ነው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የአራዳና ግብዣ ሆነ፤ መምህሩ ወደ ጌታው የሄደበት የደስታ በዓል። ከበሮው ተመታ፣ መለከቱ ተነፋ። በገዳሙ ግቢ ሺህ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ፊቱ የሙዝ ቅጠል ተዘረጋለት። ያሙና ጸጉሯን አበጥራ፣ ቀይ ነጥቧን አሳምራ፣ አረንጓዴ ሳሪ ለብሳ ከሴቶቹ ረድፍ ተቀመጠች። ባጊራቲ መበለቶች ከሚቀመጡበት ጥግ ተነስታ መጥታ ከጎኗ ዘጭ አለች። አንዲት ሴት ብታጉረመርም «ምን አፈጠጥሽ? ቅጠሌን ልትበይው ነው?» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ፕራላድ በባልዲ ጣፋጭ ይዞ ረድፉን እያደለ መጣ። ላብ አጥምቆታል፣ ደስ ብሎታል።

«ልጨምርልሽ እማዬ?»

«ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። በላች። ሩዙንም፣ በደንጃኑንም፣ ጣፋጩንም፣ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላች። አስተናጋጆቹ «መምህራችን ይመስገኑ!» ሲሉ እሷም ከሰው ጋር «ይመስገኑ!» አለች።

በደስታ ግብዣ የበላ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ነው የሚያጥፈው፤ ደስታው ተመልሶ ይምጣ ማለት ነው። በለቅሶ ቤት ግን ወዲያ፣ ከራስ አርቆ ይታጠፋል፤ ይህ ነገር አይደገም ተብሎ። ይህን ሕፃን እንኳ አይስተውም። ሴቱ ሁሉ ቅጠሉን ወደ ራሱ እያጠፈ፣ እያወራ፣ እየተነሳ ሄደ።

ያሙና ቆየች። ከዚያ ወደ እሷ የቀረበውን የቅጠሏን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና ከራሷ አርቃ አጠፈችው። ቅጠሉ እርጥብና ወፍራም ነበር፤ ተመልሶ ሊከፈት ቀና ቀና አለ። ባጊራቲ ግራና ቀኙን አየች፤ እጇን ዘረጋችና ጫን አድርጋ ያዘችላት።